የሜዳሊያው ቀን ብቻ አይሰበክ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ታላላቅ የአትሌቲክስ ውድድሮች በተጠናቀቁ ቁጥር የአሸናፊዎቹ ታሪክ ለስብከትና ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል። ምሳሌው ተገቢ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ሩጫና ስለ አክሊል የጻፈው፣ በየ2 ዓመቱ በአቅራቢያቸው ይካሄድ የነበረውን የኢስትምያ ውድድር ለሚያውቁት ለቆሮንቶስ ምእመናን ነበር። የሚያሳስበኝ ከምሳሌው የድሉን ቀን ብቻ ነጥለን መውሰዳችን ነው። ጳውሎስ እኮ ተወዳዳሪ በነገር ሁሉ ሰውነቱን እንደሚገዛም ጽፏል።

ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ በመዋሉ አልሮጥም ማለቱ ደጋግሞ ይነገራል። እምብዛም የማይነገረው፣ ይህን የወሰነው ከውድድሩ ወራት አስቀድሞ መሆኑና ጊዜውን ለ400 ሜትር ሲዘጋጅበት መቆየቱ ነው፤ ያንን ርቀትም በ47.6 ሰከንድ፣ በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፏል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው በደረሰበት ቀን ሊድል የሚያመነታበት ነገር አልነበረውም፤ ቀድሞ ቆርጦ ነበርና። እኛ ግን ስለ ሐቀኝነት ማሰብ የምንጀምረው ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ፈርሙ ተብለን፣ አለቃው ፊታችን ቆሞ፣ እስክሪብቶው እጃችን ከገባ በኋላ ነው።

በአንድ ወቅት የረጅም ርቀት ሯጭ ጎረቤት ነበረኝ። ማታ ከመተኛቱ በፊት የመሮጫ ጫማውን ክር አላልቶ በሩ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ከዓይኑ ሳይለቅ እግሩን አስገብቶ ይወጣል። ሰውነቱ እሺ ይበለው አይበለው ሲመክር አላየሁትም። እኔ ግን ለመጸለይ ልቤ እስኪነሣሣ ስጠብቅ ስንቱ ንጋት አልፎኛል! ከእርሱ አይቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ጠዋት በማነብበው ምዕራፍ ላይ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ትቼ መተኛት ጀመርሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ብዙ ለውጦልኛል።

በእርግጥ ጸጋ በልምምድ ብዛት የሚከፈል ደመወዝ አይደለም፤ በእምነት ጉዞ ደግሞ የደከመውን ወንድም ቀድሞ ማለፍ ድል አይባልም። ስለዚህም የአበበ ቢቂላን ታሪክ የምንተርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ማሸነፉን ተናግረን ባናቆም እወዳለሁ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑበት በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በሕመም አልጋ ላይ ሆነው ለሚጸልዩ ምእመናን ይህኛው አበበ ከሮሙ ይልቅ የሚያጽናና ይመስለኛል፤ ስለ እርሱ ሲሰበክ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ