የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ ሐረግ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

የ2017 የትምህርት ዘመን ሲጀመር ክበባችን 34 አባላት ነበሩት። ግቢ አጽድተናል፣ አምና የተተከሉትን ችግኞች ኮትኩተናል፣ የኮምፖስት ጉድጓድም ቆፍረናል። ዓመቱን የወሰደው ሥራ ግን የቤተ መጻሕፍቱን የኋላ ግድግዳ ያለበሰው ሐረግ ስለሆነ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

የጅማ ክረምት እንዴት እንደሚዘንብ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሐረጉ ያንን ዝናብ ጠጥቶ አሸንዳውን ሞላው፣ ከቆርቆሮው ሥር ገባ፤ በጥቅምት መጀመሪያ መደርደሪያዎቹ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ አገኘን። ብዙዎቹ አባላት «ቲቸር፣ ከነሥሩ ይነቀል» አሉ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጫፉን ይዞ ሲስብ ምጣድ የሚያህል ልስን አብሮ ወረደ። ልጁ ደነገጠ። አስቀድሞ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ይህ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ፑሚላ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። የእኛ ሾላና ዋርካ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውም ለዚህ ነው። እንደ ወይን አይጠመጠምም። ከግንዱ የሚወጡ ጥቃቅን ሥሮች ሙጫ መሰል ፈሳሽ እያወጡ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ እርጥቡን የጎተተ ሰው ቀለሙንና ልስኑን ይጎትታል። የማይፈለገውን ቅርንጫፍ ከታች ቆርጦ እዚያው ግድግዳው ላይ ለጥቂት ሳምንታት እንዲደርቅ መተው ይሻላል፤ ከደረቀ በኋላ ይላቀቃል፣ የቀረው የሥር ርዝራዥ በጠንካራ ብሩሽ ይፋቃል። አንዴ የተላቀቀ ቅርንጫፍ ተመልሶ አይጣበቅም፤ ግድግዳ የሚይዘው አዲሱ እድገት ብቻ ነው። ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሁሉ እስከ ተጣበቀበት ድረስ መቁረጥ ያለብን ለዚህ ነው።

አሸንዳውን በዚያው ሳምንት ጠረግን፤ ለእሱ ወቅት አይጠበቅም። ዋናው ግረዛ፣ ማለትም የሐረጉ ቅርንጫፎች ቆረጣ፣ መቼ ይሁን በሚለው ላይ ግን ልጆቹ ተከራከሩ። መልሱን ያገኘነው ከአንዲት አባላችን አያት ነው። በሰቃ ጨቆርሳ ቡና ያላቸው ገበሬ ናቸው። ልጆቹ «አባባ፣ ቡና መቼ ነው የሚጎነደለው?» ብለው ጠየቋቸው። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በበጋው፣ ዝናብ ሳይገባ ነው አሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ ጉቶው በሙሉ ጉልበቱ ያቆጠቁጣል። ውሃ እንዳይተኛበትም አቆራረጡን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገው በእጃቸው አሳዩን። ሐረጋችንም ከአሮጌ ግንድ የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ የካቲትን ቀጠርን።

በመካከሉ ያገኘነው ነገር ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ደስታ ነበር። ልጆቹ ቅጠል ሲለኩ ግድግዳው ላይ ሁለት ተክል አለ ብለው መጡ። አንዱ ቅጠሉ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስስ፣ እንደ ልብ ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ያለ ነው። ሌላው ቅጠሉ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ከግድግዳው ተነጥሎ ወደ ውጭ የወጣ፣ አረንጓዴ ፍሬም ያንጠለጠለ ነው። አልነገርኳቸውም፤ በጣታችሁ ተከተሉት አልኩ። ከአንዱ ትልቅ ቅጠል ተነሥተው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲወርዱ ከዚያው ከአንዱ ግንድ ደረሱ። የወጣትና የጎልማሳ እድሜው ነው። ጎልማሳው ቅርንጫፍ አይጣበቅም፤ እየከበደ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በመጨረሻም የተጣበቀውን ሳይቀር ይዞ ሊወርድ ይችላል። ግረዛ ማለት እንግዲህ ይህን ጎልማሳ ክፍል እየቀነሱ ግድግዳውን ለወጣቱ መተው ነው።

በየካቲት ሁለት ቅዳሜ ሠራን። ወተቱ ቆዳ ስለሚያሳክክ ሁሉም ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ እንዲለብስ አስገደድኩ፤ የጥበቃው ጋሼም መሰላሉን ከጥዋት እስከ ቀትር ይዘው ዋሉልን። ወፍራሞቹን ቅርንጫፎች እስከ ግድግዳው ድረስ አነሣን። ከአሸንዳው በታች፣ በመስኮቶቹ ዙሪያና ከኤሌክትሪክ ገመዱ አካባቢ አንድ ክንድ ያህል ባዶ አደረግን። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው የተላጨ ይመስል ነበር፤ አንዳንድ መምህራንም ገደላችሁት አሉን። የመጋቢት ዝናብ ገባና በሚያዝያ ትንንሾቹ ቅጠሎች ክፍተቱን መሙላት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ መስኮቶቹ የሚሻገረውን ብቻ በየሦስት ሳምንቱ በመቀስ እንከረክማለን።

ከቁርጥራጮቹ በችግኝ ፕላስቲክ ተክለን 21 ጸደቁልን። ከወጣቱ ክፍል የተወሰዱት 17ቱ አጠገባቸው በቆመው ጣውላ ላይ መውጣት ጀምረዋል። ከጎልማሳው የተወሰዱት 4ቱ ግን አይወጡም፤ እንደ ቁጥቋጦ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወላጆች ችግኝ ሲጠይቁን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ግድግዳቸው ነበር። ልስኑ ደህና የሆነ የሲሚንቶ ግድግዳ ላለው ሰጠን፤ የጭቃ ቤት ላለው ከለከልን፣ ሥሩ በምርጊቱ ስንጥቅ ይገባልና። ምክንያቱን ለእያንዳንዱ ወላጅ የነገሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል አባል ግን የቤታቸው ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ከእነዚያ ከማይወጡት ከአራቱ አንዱን መረጠች፤ በዘይት ጣሳ ተክላ በራቸው ላይ አስቀምጣዋለች።