አባቴ፣ የኖርዝሃምፕተኑን መጋቢ ኑሮ ጠይቀውኝ ነበር

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ «ዮናታን ኤድዋርድስ በምን ኖሮ ነው ያን ሁሉ የሰበከው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሳነብ የሰነበትሁትን እጽፍልዎታለሁ፤ ዘመኑን ሁሉ የቆጠርሁት እንደ ፈረንጆች ነው።

ኤድዋርድስ በ1703 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት፣ ከመጋቢ ቤት የተወለደ ሰባኪ ነው፤ ከ11 ልጆች መካከል ብቸኛው ወንድ ነበር። በ1727 በማሳቹሴትስ፣ በኖርዝሃምፕተን፣ የእናቱ አባት የሰለሞን ስቶዳርድ ረዳት ሆኖ ተሾመ፤ አያቱ በ1729 ሲያርፉም መድረኩ ለእርሱ ቀረ። ደሞዙን የሚወስነው የከተማው ሕዝብ በስብሰባ ድምፅ እየሰጠ በመሆኑ፣ እርሱም 11 ልጆች ስለ ነበሩት፣ ክርክሩ የመጋቢውን የቤት ወጪ እስከ መመርመር ደርሶ ነበር። ወረቀት ውድ ስለ ነበር ስብከቱን በደብዳቤ ጀርባና በቁርጥራጭ ላይ ሳይቀር ይጽፍ ነበር፤ ይህን ሳነብ እርስዎ በሰርግ መጥሪያ ፖስታ ላይ የሚጽፏቸው ጥቅሶች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ስለሚወዱት ብዬ ልደብቅዎ አልችልም። በ1731 ወደ ወደብ ከተማዋ ኒውፖርት ወርዶ ቬነስ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ በ80 ፓውንድ ለባርነት ገዝቷል። የዘመኑ ልማድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ገጽ ቶሎ ማለፍ አልቻልሁም።

ከከተማው ጋር ያጣላው ዋናው ነገር የጌታ እራት ነው። አያቱ በጨዋነት የሚኖር ሁሉ እንዲቀበል ፈቅደው ነበር፤ እርሱ ግን ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ እምነቱን በራሱ አንደበት ያልመሰከረ ሰው አይቀርብም አለ። ከ200 በላይ ወንዶች ይሰናበት ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ሴቶቹን የጠየቀ አልነበረም። ሰኔ 22 ቀን 1750 ተሰናበተ። ይሁን እንጂ ሌላ ሰባኪ ሲታጣ እነዚያው ሰዎች ሳምንት በሳምንት ይጠሩት ነበር፤ እርሱም እየሄደ ያባረሩትን ያስተምር ነበር። በ1751 ወደ ስቶክብሪጅ ተሻግሮ ሞሂካን ለሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በአስተርጓሚ ሰበከ። በ1758 የፕሪንስተን ኮሌጅን መሪነት በተቀበለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከፈንጣጣ እንዲጠብቀው ብሎ የወሰደው ክትባት በ54 ዓመቱ ገደለው።

አባቴ፣ እርስዎም ሽማግሌዎቹ «ይረፉ» ብለው ካሰናበቱዎ በኋላ፣ ወጣቱ መጋቢ የታመመ እሑድ መጥተው ሲጠሩዎ፣ ያንን ግራጫ ኮት ደርበው ሄዱላቸው። እኔ ያን ቀን ተቆጥቼ ስልኩን እንደ ዘጋሁ ያስታውሳሉ፤ ይቅር ይበሉኝ። ወደ መድረኩ ሲወጡ ምን እያሰቡ እንደ ነበር ግን እስካሁን ጠይቄዎ አላውቅም፤ ቅዳሜ ስደውል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ