ማርሚታ ይመረጣል እንጂ አይቆረጥም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በዚሁ የደብዳቤ ገጽ አንድ አንባቢ ስለ ጯሂ መኪኖች የጻፉትን አነበብኩ። «ሌሊት እያንባረቁ የሚያልፉ ጎረምሶች» ብለውናል። እኔ ጎረምሳ አይደለሁም። 46 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ፀጉሬም ከግንባሬ እየሸሸ ነው። ግን ከተወቀሱት አንዱ ስለሆንኩ ዝም ማለት ከበደኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትራንዚተር ስለሆንኩ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ እወርዳለሁ። መኪናዬ ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2007 ስሪት። አሜሪካኖቹ መስል ካር ከሚሏቸው ወገን ነው፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ትልቅ ሞተር። ሀብታም እንዳልመስላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲገባ ይዞት መጣ። ጠቅልሎ የገባው ሰውዬ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ሄደ። መኪናው ቀረ። ቀረጡን እንደምንም ከፍለን በስሜ ዞረ። ስለ ቤንዚኑ ግን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ሞተሩ 4.6 ሊትር ቪኤይት ነው። እኛ አገር ቪኤይት ሲባል የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ስምንት ሲሊንደር ነው፤ አራቱ በአንድ ወገን፣ አራቱ በሌላው ወገን። ደጋግሜ የምጠየቀው «ድምፁ ምኑ ያምራል?» የሚለውን ስለሆነ እሱን ላስረዳ። የሞተሩ የመተኮሻ ተራ 1፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6፣ 5፣ 4፣ 8 ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት በአንድ ወገን ናቸው፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በሌላው። በጣታችሁ ቁጠሩት። 1 እና 3 ከአንድ ወገን ተከታትለው ይተኩሳሉ። ቆየት ብሎ 6 እና 5 ከሌላው ወገን ተከታትለው ይተኩሳሉ። በየወገኑ ቱቦ የሚወጣው ምት እኩል ያልሆነው ለዚህ ነው። ድምድም፣ ድም... ድም። ከበሮ ሲመታ ያደመጠ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እኔ የምወደው ያንን መንገዳገድ ነው። አራት ሲሊንደር ሞተር እኩል እኩል ነው የሚመታው፤ ቪትዝ ወይም ዲኤክስ ማርሚታው (የጭስ ቱቦው ድምፅ ማፈኛ) ሲቆረጥ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይቅርታ፣ የቪትዝ ልጆች።

ፋብሪካው ግን ያንን ድምፅ አፍኖታል። የሰው ጆሮ አይቶ እንጂ በክፋት አይደለም። እኔ አልተዋጠልኝም። ቃሊቲ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ከሥር ገብቶ በባትሪ አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለኝ። ማርሚታዎቹን ቆርጦ ቀጥታ ቱቦ ሊበይድበት ነው። «ካታሊስቱንም እናውጣው፣ ጉልበት ይጨምራል» ሲል ጨመረ። እሱን እንኳን እምቢ አልኩ። ካታሊስት ለምን እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም አለበት፣ ገዢ አያጣም። ሲወጣ ደግሞ ጭሱ ሳይጣራ ነው የሚለቀቀው። ከኋላው ያለው የኦክስጅን ሴንሰርም ስለሚነቃ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። ማርሚታውን ግን እሺ አልኩ። ግራይንደሩ ተነሳ፣ ብልጭታው ወለሉ ላይ ተረጨ፣ በ20 ደቂቃ ሁለቱም ማርሚታ እንደታረደ በግ መሬት ላይ ተጋደሙ።

ሳስነሳው ጋራዡ በሙሉ አጨበጨበ። አልዋሽም፣ ኮራሁ። መስኮት ከፍቼ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ፈገግ እንዳልኩ ነዳሁ። ግቢ ስገባ ግን ነገር ተገለበጠ። ኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙ ናቸው፤ ድምፁ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተወረወረ መውጫ ያጣል። የሦስት መኪና አላርም አብሮኝ ጮኸ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ መስኮት ከፈቱ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ በድንጋጤ ድምፅ «ልጄ፣ ምን ፈነዳ?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴን ይዤ ወደ ሞጆ ወረድኩ። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ አፍንጫችን ሥር ነው። በ110፣ በአምስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ቪኤይት በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይተኩሳል፤ በሰከንድ ሲሰላ 133 ምት ገደማ ይመጣል። ማርሚታ የሌለው ቱቦ ያንን ሁሉ ምት ሳይቀንስ ያስተላልፈዋል፣ የመኪናው ውስጥም እንደ ባዶ በርሜል ተቀብሎ ያስተጋባዋል። «እምምምም» የሚል፣ ከፍም ዝቅም የማይል፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ዱከምን ሳናልፍ ባለቤቴ «አቁምልኝ» አለች። እዚህ መንገድ ላይ አይቆምም አልኳት። እስከ ሞጆ አላናገረችኝም። ብታናግረኝም አልሰማትም ነበር።

ጉልበትስ ጨመረ? ይህን የምጽፈው ጋራዥ ሄደው ሊያስቆርጡ ለሚያስቡ ልጆች ነው። የኔ መኪና ከፋብሪካ 300 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ነው የወጣው። ያ ግን በባሕር ጠረፍ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አየር ስለሚያጥረው ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ እኔ የምነዳው 230 ፈረስ ገደማ ነው። ሰባዎቹ ፈረሶች ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። አዳማ ስወርድ ጥቂቶቹ ይመለሳሉ፣ ሽቅብ ስመጣ እንደገና ይጠፋሉ። ከኋላ ማርሚታ ብቻ በመቀየር የሚገኘው ፈረስ በጣት የሚቆጠር ነው። የገዛሁት ድምፅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ «መጀመሪያ ከየት ጀምረህ እንደምትቀይር ወስን» አለኝ። ከኋላ አክስሉ ወዲህ ያለውን ብቻ መቀየር ይቻላል። በኔ መኪና ሁለቱ ማርሚታዎች ከኋላ መከላከያው ሥር ግራና ቀኝ ስለሆኑ ይህ ቀላሉ ነው፤ ካታሊስቱም ሴንሰሩም አይነካም። ከካታሊስቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ መቀየር ደግሞ ድምፁን ይበልጥ ይለቅቀዋል፣ ወጪውም ያው ከፍ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ከዚያ የማርሚታው ሆድ ዕቃ መጣ። አንዱ ዓይነት ውስጡ በብረት ግድግዳ የተከፋፈለ ክፍል ነው፤ ድምፁ እየተጋጨ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያ የድሮው የአሜሪካ መኪና ሸካራ ድምፅ የሚወጣው ከሱ ነው። ሌላው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ዙሪያውን በፋይበር የተጠቀለለ ነው፤ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ግን ፋይበሩ በዓመታት ውስጥ ሲቃጠልና ሲያልቅ እየጮኸ ይሄዳል። ወንድሜ ለሸካራው ነው ልቡ ያደላው። እሱ ኮንዶሚኒየም አይኖርም። እኔ የፋይበሩን ያዝኩ፤ በዚያ ላይ ረዘምና ወፈር ያለውን። የማርሚታው ሆድ ሰፋ ባለ ቁጥር ድምፁ ይገራል። ብረቱም አይዝጌ እንዲሆን ለመንኩት፣ የኛ ክረምት ተራ ላሜራን ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ። አንድ ዘመድ 23 ኪሎ የሚያስይዘውን አንዱን ሻንጣ ለማርሚታ መሥዋዕት አድርጎ አመጣልኝ።

የገጠሙልኝ እዚሁ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ክሪክ ብቻ አምነው መኪና ሥር አይገቡም፤ አራት ማዕዘን የእንጨት ጉማጅ ደርበው ካስደገፉ በኋላ ነው የገቡት። የቃሊቲውን ብየዳ አይተው ምንም አላሉም፣ ምላሳቸውን ብቻ «ጭ» አደረጉ። እሱን በልክ ቆረጡት። ማንጠልጠያ ጎማዎቹን በሳሙና ውኃ አራሱና በእጃቸው ገፍተው አስገቧቸው። ረዳታቸው ቡሎኑን ሊያጠብቅ ሲል እጁን ያዙት። መጀመሪያ ሁሉም ላላ ብሎ ይሰቀላል፣ ጫፎቹ ከመከላከያው ሁለት ሁለት ጣት ይርቃሉ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ነው ከፊት ወደ ኋላ እየጠበቀ የሚመጣው። ሞተሩ ተነሳ። አዛውንቱ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ በጭስ መውጫዎቹ አፍ ላይ ትንሽ ያዝ አድርገው ጆሯቸውን ወደ መገጣጠሚያው አዘነበሉ። «ስስስ» ካለ ያፈስሳል ማለት ነው። በግራ በኩል «ስስስ» አለ። ግማሽ ዙር ጨመሩና ዝም አለ። አዲስ ማርሚታ ላይ የቀረው የፋብሪካ ቅባት ሲቃጠል ነጭ ጭስ ወጣ፤ ልጆቼ መኪናው ተቃጠለ ብለው ከፎቅ እየሮጡ ወረዱ።

በስልኬ ለካሁ። ስልክ ትክክለኛ መሣሪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በእኩል የሞተር ዙር ስለለካሁ ልዩነቱን ያሳያል። የተቆረጠው 103 ነበር፣ አዲሱ 91 ሆነ። 12 ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል። ሆኖም 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል የቀነሰ ነው የሚመስለው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ባለቤቴ ሬዲዮ ከፈተች። ያ ለኔ ከቁጥሩ ይበልጣል።

አሁን ወደ አንባቢው ደብዳቤ ልመለስ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ይወረሱ ይላሉ። አልስማማም። ግን በአገራችን ደረጃ የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ያቺን ቁጥር ሳያት አንገቴን እደፋለሁ። ስለዚህ የምለው ይለካ ነው። ቦሎ ስናወጣ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። አንድ ሰው የድምፅ መለኪያ ይዞ ከጭስ መውጫው ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ጎን ቢቆም ምን ይጎድላል? የቆመ መኪና በሌላው ዓለም የሚለካው እንደዚያ ነው። ከልክ ያለፈ ቦሎ አያገኝም፣ በቃ። በ20 ደቂቃ ግራይንደር የሚሠራውን ሥራ የሚያስቀረው እሱ ነው። ከ2016 ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ እኛ ጯሂዎቹ እየተመናመንን የምንሄድ ዘሮች ነን፤ ግቢያችንም በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። አንዷ ባለፈው ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዬ መጥታ ዳቦ እንደያዝኩ ልትገጨኝ ነበር። ያም ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ሞጆ ስሄድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የምነሳው። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ካታሊስቱን ቶሎ ለማሞቅ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል አዲሱም ማርሚታ አያስጥልም። ስለዚህ ከዘበኛው ጋር ሆነን እስከ ዋናው በር እንገፋዋለን። ከ1,500 ኪሎ የሚበልጥ ብረት ነው። ሞተር ሳይነሳ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በሩን ካለፍን በኋላ ነው አስፋልቱ ላይ የማስነሳው። ባለፈው ማክሰኞ እየገፋን ሳለ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ለጸሎት የተነሱት እማማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ አይተው አዘኑልኝ።

«ዛሬም አልነሳ አለህ ልጄ? ሽጠውና ያቺን ድምፅ የሌላትን ግዛ።»

ባለ ሙስታንጉ፣ ከቱሉ ዲምቱ