ከጦሳ ጀርባ ተሸክማችሁ ላወጣችሁኝ

ይድረስ ከደሴው ጦሳ ተራራ ጀርባ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለባጃጁ ልጅ፣ ለሐኪሞቼ፣ ለደሴ የጠዋት ሯጮች፣ ስማችሁን ሳልይዝ ለቀረሁም ሁሉ።

እግሬ ድኗል። መጀመሪያ ይሄን ልበል፤ ምክንያቱም ገበያ የወጡ የሰፈራችሁ ሰዎች "ያቺ የምትሮጠዋ ልጅ እግሯ ተቆረጠ ወይ?" እያሉ እንደሚጠይቁ ሰምቻለሁ። አልተቆረጠም። ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ብረትና ብሎን ገብቷል። ሲበርድ ይሰማኛል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ መቼ ፋታ ይሰጣል! ቢሆንም እሄዳለሁ። ሰሞኑን ሆጤ ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ዱብ ዱብ ማለት ጀምሬያለሁ።

እያንዳንዳችሁን በስልክ ላመሰግን ሞክሬ አልሆነልኝም። ግማሻችሁ ስልክ አትይዙም። የያዛችሁትም ኔትወርክ የምታገኙት ጉብታ ላይ ስትወጡ ነው። ስለዚህ እዚሁ በአደባባይ ልጻፈው፤ ደሴ የሚማሩት ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል።

የሆነውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጣ ይባላል እንጂ መሬቱ ገና አልሰማም። ከጓደኛዬ ጋር ሊነጋጋ ሲል ከፒያሳ ተነሥተን ጦሳን ወጣን። በጀርባው ባለው ቀጭን የእግር መንገድ መውረድ እንደጀመርን ጉም መጣ። የኛ አገር ጉም "ልምጣ ወይ?" አይልም። አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ ድምጿ ብቻ ቀረ። የረገጥኩት ድንጋይ ተንከባለለ። እግሬ አብሮት ሄደ፣ እኔ ወዲህ ቀረሁ። ቋ ሲል ሰማሁት። ቀና ብዬ ሳይ ጫማዬ በማይሆን አቅጣጫ ዞሯል።

አንተ እረኛው ልጅ፣ የመጀመሪያው ምስጋና ያንተ ነው። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ጅራፍህ አንገትህ ላይ ነበር። እግሬን አየህና "እትዬ፣ ተሰብሯል" አልከኝ። ትልቅ ሰው ቢሆን "ወለምታ ነው፣ ምንም አይደል" ብሎ ያባብለኝ ነበር። ከዚያ ቋጥኙ ላይ ወጣህ። እጆችህን አፍህ ላይ ገጥመህ ማዶ ያለ ሰው በስሙ ተጣራህ። ማዶ ያለው "አቤት" አለ። ሰምቶ ሲያበቃ እሱ ደግሞ ወደ ታች ተጣራ። ጥሪው ከሰው ሰው ሲቀባበል እኔ ስልኬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ኔትወርክ እፈልግ ነበር። ያወለቅነውን ጫማዬንም እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በክሩ አንጠልጥለህ ያመጣኸው አንተ ነህ። ባጃጅ ውስጥ ስታስገባልኝ "ይሄ ስንት ብር ነው?" ብለህ ጠየቅከኝ። ሕመሙ ስለያዘኝ አልመለስኩልህም። ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ አትደንግጥ ብቻ።

ወንድሞቼ፣ እናንተ ስትደርሱ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ይዛችሁ ነበር። ማንም ማንንም ሳያዝ ቃሬዛው ተሠራ። አንዱ ጠፍር ፈታ፣ አንዱ ጋቢውን አነጠፈ። ሌላው ከሱሪው በላይ ያገለደመውን ሽርጥ አውልቆ ጋቢው እንዳይረግብ በአግድም ቋጠረው። አራት አራት ሆናችሁ ተሸከማችሁኝ። ከፊት የነበረው ቢስሚላህ ብሎ ሲያነሣ ከኋላ ያለው እመቤቴን ይጠራ ነበር፤ ወሎ ነውና ማንም ልብ አላለውም። ቁልቁለቱ ሲበረታ ከፊት ያላችሁት እንጨቱን ትከሻችሁ ላይ ከፍ አደረጋችሁ። ከኋላ ያላችሁት ዝቅ አላችሁ። እኔ ወደ እግሬ በኩል እንዳልንሸራተት ነው። ይህን ማንም አላስተማራችሁም፤ ስንት ወላድና ስንት በሽተኛ በዚህ መንገድ እንዳወጣችሁ ከአያያዛችሁ ያስታውቃል። አንዱ ሲደክመው ከጎን የሚሄደው "ልቀበልህ" ይላል፣ ትከሻ ይቀየራል፣ ቃሬዛው ግን አይቆምም። ከመካከላችሁ አንዱ "ሩጫ ጥሩ ነገር ነው ለካ፣ ቀላል ናት!" ሲል በዚያ ሕመም ውስጥ ሳቅኩ።

ወጌሻው አባታችን፣ እርስዎን ለብቻዎ ማመስገን አለብኝ። ሰው ሁሉ "እሳቸው ይሹት፣ እሳቸው ይጠግኑት" ሲል እርስዎ ዝቅ ብለው እግሬን አዩ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት። ነጭ የሆነው ተመልሶ እስኪቀላ ድረስ ዓይንዎን አልነቀሉም። "ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ" አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው "ይሄ የኔ አይደለም፣ የሐኪም ነው" አሉ። ሁለት በትር ከግራና ከቀኝ አስደግፈው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ "አጥብቃችሁ እንዳታስሩባት" ብለው አዘዙ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ያንን አስተሳሰር ነው። ስብራት በጥብቅ ሲታሰር እብጠቱ ከውስጥ ይጨምራል፣ ደም መተላለፊያ ያጣል። በዚህ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። "ማን ነው ያሰረልሽ?" አለኝ። "ወጌሻ" ስለው ደግሞ ጠየቀኝ፤ አላመነኝም። እጅዎ አይጥፋ። የሚያውቁትን ያህል የማያውቁትንም የሚለዩ ሰው ነዎት፤ እንዲህ ያለ ሰው በቢሮም ብዙ አይገኝ።

እማማ፣ እርስዎ ደግሞ። "ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ብቻዋን አትሄድም" ብለው ቤትዎን ጥለው ተነሡ። በዚያ ጭቃ፣ በኮንጎ ጫማ፣ እስከ መኪና መንገድ እጄን ይዘው ወረዱ። ባቃሰትኩ ቁጥር "እኔን! እኔን ልጄን!" ይሉ ነበር። ጓደኛዬ አብራን እንዳለች ብነግርዎት "እሷም ልጅ ናት" አሉ። በየደጁ ወጥታችሁ "አብሽሪ!" ያላችሁኝንም አልረሳሁም። ያን ቃል ስሰማ ነው ያለቀስኩት፤ አጥንቱ ሲሰበር እንኳ አላለቀስኩም።

የባጃጁ ልጅ፣ በየጉድጓዱ ፊት እየቆምክ፣ ከኋላ የሚጮህብህን ጥሩንባ ሁሉ ንቀህ፣ እንደ እንቁላል ጫኝ ወሰድከኝ። መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ የራጅ ማሽኑ ተበላሽቷል አሉን፤ ስሙን አልጠራውም። ሳታማርር አዙረህ ሆስፒታል አደረስከኝ። ሒሳብ ስንሰጥህ "ዱዓ ይበቃኛል" ብለህ ሄድክ። ዱዓው ደርሶሃል ብዬ አምናለሁ፤ ቤንዚኑን ግን ሳገኝህ እሞላልሃለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራችሁልኝ ሐኪሞች፣ ሌሊቱን ያደራችሁት ሲስተሮች፣ አልጋዬን ስትገፉ ቀልድ ያልጨረሳችሁት ወንድሞች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊዚዮቴራፒ ለሠራሽልኝ እህቴም እንዲሁ። "በእግርሽ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ጻፊ" ስትይኝ የቀለድሽ መስሎኝ ነበር። ከ"ሀ ሁ" ጀምሬ ጻፍኩ። መምህር ነኝ፤ "ጨ" ላይ ስደርስ ላብ ያጠመቀኝ ግን ያኔ ብቻ ነው። ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ ባልደረቦቼ፣ ደረጃውን ስወጣ ቦርሳዬን የተሻማችሁ ተማሪዎቼ፣ ቤታችንን በቡና ጢስ ያጠናችሁት ጎረቤቶቼ፣ እናንተን በየቤታችሁ መጥቼ አመሰግናለሁ።

ሌላም ምስጋና አለኝ። እሱ ከመሰበሬ ጋር አይገናኝም።

እኛ የምንሮጥበትን መንገድ ማንም ለሩጫ አልሠራውም። ገበሬው ገበያ ሲወርድ፣ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲነዳ የተረገጠ ነው። ጦሳ ሳንባ የሚፈትን አቀበት ይሰጠናል። ማዶ የአዝዋ ገደል ዳርቻ ጠዋት ፀሐይን መጀመሪያ ያሳየናል። በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ለጥ ብሎ ይጠብቀናል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን ጉባኤ የሰበሰቡበት ሜዳ ነው፤ እኛ ደግሞ እሁድ እሁድ በሶምሶማ እንዞረዋለን። ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን አለ። ጥድና ወይራው ጥላ ስለሚሰጥ ረፋድ ላይም ይሮጥበታል። ሐይቅ ስንሄድ በውኃው ዳር እስከ እስጢፋኖስ ገዳም እንሮጣለን። ሴት ስለማይገባ እኔ ከበሩ እመለሳለሁ፤ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪወጡ ተጨማሪ ዙር ይደርሰኛል።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የምንስበው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምቦልቻ ከኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እነሱ እኛ ጋ ሲመጡ መጀመሪያው ዳገት ላይ ወገባቸውን ይይዛሉ። እኛ እነሱ ጋ ስንወርድ ክንፍ ያወጣን ይመስለናል። (የኮምቦልቻ ልጆች ይህን ሲያነቡ እንደሚናደዱ አውቃለሁ። እውነት ነው ግን።)

ይህን ሁሉ የምናገኘው በናንተ ፈቃድ ነው። ገና ሳይነጋ "ውሻ ያዙልን!" ስንል ከእንቅልፋችሁ ተነሥታችሁ ያዛችሁልን። በማሳችሁ ድንበር አሳለፋችሁን። መጀመሪያ ሰሞን "ማን አባሯችሁ ነው?" እያላችሁ ከልባችሁ ትጨነቁ ነበር። አሁን ለምዳችሁናል፤ ስንቀርም "ዛሬ ምነው ጠፋችሁ?" ትላላችሁ።

እናንተ የሩጫ ጓዶቼ፣ ይህን ውለታ በአፍ ብቻ አንመልሰው። ገብሱ ቡቃያ ሲሆን አቋራጭ አይፈለግ። እርከን አይረገጥ፤ አንድ ድንጋይ ከተነቀለ በሚቀጥለው ዝናብ አፈሩ አብሮ ይሄዳል። ሣርና ዛፍ እንዲያገግም ተብሎ የተከለለ ተራራ ውስጥ አይገባ። በገበያ ቀን የተጫነ አህያ ሲመጣ ቁሙ፤ ስትቆሙም በተራራው በኩል እንጂ በገደሉ በኩል አይሁን። ጭነቱ ከገፋችሁ የሚይዛችሁ የለም። አሁን ሁላችንም ፊሽካና የሚለጠጥ ፋሻ እየያዝን እንወጣለን፤ በየት እንደምንዞርም ቤት ለቀረ ሰው እንናገራለን። ፊሽካው እንደ እረኛው ልጅ ድምፅ አይደርስም። ቢሆንም ይያዝ።

የወደቅኩባት ቦታ ደግሞ በድንጋይ ተደርድራ ደረጃ ሆናለች አሉኝ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ፣ እናንተ የአጨዳ ዝግጅት እያለባችሁ! ማን እንደጀመረው ብጠይቅ ሁሉም በሌላው ያሳብባል። እንግዲህ ሁላችሁም ናችሁ።

ለጥምቀት ሰሞን መጥቼ ላያችሁ አስቤያለሁ። ሮጬ አይደለም፤ ሐኪሙ ለቁልቁለት ገና አልፈቀደልኝም። በመኪናው መንገድ እስከ ወፍጮ ቤቱ እመጣለሁ፣ ከዚያ በእግሬ ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። እማማ፣ ቡናውን እኔ ነኝ ይዤ የምመጣው፤ እርስዎ ጀበናዎን ብቻ ያዘጋጁ።

በመጨረሻ፣ ቃሬዛው ላይ የተነጠፈው ጋቢ እኔ ጋ ነው። በዚያ ግርግር አብሮኝ ሆስፒታል ገብቶ ቀረ። ታጥቧል፣ የተቀደደችው ጫፍም ተሰፍታለች። ባለቤቱን ባጠይቅ አንዱ "የወንድሜ ነው" ይላል፣ ወንድሙ ደግሞ "የጎረቤት ነው" ይላል። የማን እንደሆነ ወፍጮ ቤት ንገሩልኝ። ጥለቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቱ ያውቀዋል።