የተፈታውን ሰው ማን ይከታተለው? ለፍትሕ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው።

ከሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት የተፈታ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በእኛ ከተማ ያልፋል። መናኸሪያ ላይ በአለባበሱ እንለየዋለን። ከቆላ ተነስቶ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ በሸሚዝ ብቻ ብርዳችን ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ በአመክሮ የወጣ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ጠባዩም የታረመ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። የፈተና ጊዜም አለው። የእኔ ጉዳይ በዚያ ጊዜ አጠገቡ ስለሚቆመው ሠራተኛ ነው።

ዛሬ ጥበቃውም ጽዳቱም በኤጀንሲ ሆኗል። ነገ «የአመክሮ ክትትሉንም በጨረታ እንስጠው» የሚል አይጠፋም። እኔ በኤጀንሲ ጥበቃ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ለኤጀንሲው የሚከፈለውና እኔ እጅ የሚገባው ለየቅል ነበር። ሥልጠናዬ ዩኒፎርም መለካት ነበር፤ በቃ። የተረኛ ጓደኛዬን ስም ሳልይዝ ሌላ ይመጣል። የመጋዘን በር ይህን ይችለዋል። ከእስር የወጣ ሰው ግን በየወሩ ለአዲስ ሰው ታሪኩን ከሀ ጀምሮ አይናገርም።

እንግሊዝና ዌልስ ሞክረውታል። በፈረንጆቹ 2014 ጉዳት የማድረስ ሥጋታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የተባሉትን ጥፋተኞች ክትትል ለ21 ኩባንያዎች ሰጡ። ስንት ሠራተኛ ይቀጠር የሚለው ለኩባንያዎቹ ተተወ። አንዳንዱ ሠራተኛ ከ60 ሰው በላይ ያዘ። በስድስት ሳምንት አንዴ ደውሎ «አለህ?» ማለትም ክትትል ተባለ። በ2019 ወርኪንግ ሊንክስ የተባለው ከሰረ። እሱ በያዘው አካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያዩት ደግሞ ይብሳል፦ ኮታ ለመሙላት ሲባል ባለጉዳዩን ሳያገኙ ዕቅዱን ይሞሉለት ነበር። በ2021 መንግሥት ሥራውን ጠቅልሎ መለሰው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐሳብ ጠረጴዛችሁ ላይ ከመጣ፣ ከዋጋው በፊት ሠራተኛውን እዩልን። አንዱ ቢበዛ ስንት ሰው ይያዝ? ምን ተምሮ፣ ስንት ወር ሠልጥኖ? ድርጅቱ የራሱን ከቆረጠ በኋላ ደመወዙ ስንት ይሆናል? ተፈትቶ መንዝ የሚገባው ሰውስ? ለአንድ ፊርማ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ይመላለስ? የመሳፈሪያውን ሒሳብ በቀን ሠራተኛ ኪስ አስቡት። ሠራተኛው በድንገት ቢለቅም ፋይሉን ማን እንደሚረከብ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የኤጀንሲ ጥበቃ
ደብረ ብርሃን