አዲሱ ባለ ሮተር ሞተርና የቆየው የማሸጊያ ጣጣ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሊኩዊድፒስተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስለሠራው አዲስ ባለ ሮተር ሞተር (በሚመላለስ ፒስተን ፈንታ የሚዞር ሮተር ያለው) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብሁ። ክብደቱ ማነሱን ደጋግሞ ያወሳል፤ ዋናውን ጉዳይ ግን ዘሎታል። ይህ ዓይነት ሞተር ትንሽና ቀላል መሆኑ አዲስ ወሬ አይደለም። የጀርመናዊው ፈልሳፊ የፊሊክስ ቫንክል የመጀመሪያ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1957 ሲነሣም ይኸው ተብሎለት ነበር። ያስቸገረው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚከለክለው ማሸጊያ ነው።

በቫንክል ሞተር ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሮተር በየጫፉ ቀጭን ማሸጊያ ይዞ ይዞራል። የተበላ ማሸጊያ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ይረዳኛል፦ ጠርዙ አልቆ፣ ሞተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ጭረት ይታያል። ይህን ሞተር በመኪና ላይ ያዋለው የጃፓኑ ማዝዳ መሐንዲሶች ያንን ጭረት «የሰይጣን ጥፍር» ብለውት ነበር (ምሬታቸው ከስሙ ይታወቃል)። ለማለስለስ የሚረጨው ዘይትም ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

ሊኩዊድፒስተን ነገሩን ገለበጠው። ሮተሩን ሞላላ፣ ቤቱን ባለ ሦስት ጎን አደረገና ማሸጊያዎቹን ከሮተሩ ነቅሎ ቤቱ ላይ ተከላቸው። ስለማይዞሩ ዘይት በቀጥታ ይደርሳቸዋል። ለእኔ ከክብደቱ ይልቅ ይህች ለውጥ ትበልጥብኛለች።

ቢሆንም የሙከራ ክፍል ውጤትና የሺህ ሰዓታት ሥራ ለየቅል ናቸው። ማዝዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ሮተሩን የመለሰው ጎማ እንዲያዞር ሳይሆን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው። ማሸጊያው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚቀየር እባካችሁ አምራቹን ጠይቁልን።

በሞተር ጥገና ላይ የኖርሁ አንባቢያችሁ