ውሻ በድንገት ሲሞት ጎረቤት አትጠርጥሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከለገጣፎ ነው። ሦስት ዓመት እንኳን ያልሞላው ውሻችን መከታ በቅርቡ ሞተብን። የገደለው ካንሰር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግን ዛሬም ድረስ "መርዝ አብልተውት ነው" የሚል አልጠፋም። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

መከታ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነበር። ጠዋት ደህና በላ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እስከ በር ሸኛቸው። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ወደቀ፤ ድዱ ነጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሐኪም ጋ ሳናደርሰው መንገድ ላይ አለቀ። እኛ ሰፈር ውሻ እንዲህ ሲሞት ስለ በሽታ የሚያነሳ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነበር?" ነው። ወዲያው የአንድ ጎረቤታችን ስም ተነሳ፤ አንድ ቀን "የናንተ ውሻ ሲጮህ እያደረ እንቅልፍ ነሳኝ" ብሎ ነበር ተብሎ፣ በቃ እሱ ነው ተባለ። ሬሳው ሳይቀበር ሰው ከሰው ሊጣላ።

"ተከፍቶ ይታይ" ያለችው ባለቤቴ ናት። ሐኪሙ ሲከፍተው ሆዱ ደም ሞልቷል። ጣፊያው ላይ የበቀለ ዕጢ ፈንድቶ ነው። ናሙናው ተመርምሮ ሄማንጂዮሳርኮማ የሚባል ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ከደም ሥር ግድግዳ የሚነሳ ክፉ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ውሾችን ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ወጣቱንም አይምርም። ጀርመን ሼፐርድ በብዛት ከሚጠቁት ዝርያዎች አንዱ ነው። ዕጢው እስኪፈነዳ ድረስ ውሻው ሲሮጥ ሲጫወት ሊከርም ይችላል። ቀድሞ ተደርሶበት ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ቢወጣ እንኳ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ወር ነው የሚቆዩት፤ ኬሞቴራፒ ሲጨመር ግማሽ ዓመት ገደማ። ይህን መስማት ይከብዳል። እኔን ግን አሳርፎኛል፤ "ምነው አስቀድሜ ባስመረመርኩት" እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና።

ወደ መርዙ ልመለስ። አንዳንድ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ውስጥ ለውስጥ ያደማል፣ ድድንም ያነጣል። ስለዚህ ከውጭ ብቻ አይቶ መርዝ ነው፣ አይደለም ማለት ለሐኪምም ያስቸግራል። ታዲያ እኛ በምን ዓይናችን አይተን ነው ሰው የምንወነጅለው? መርዝ የሚያበላ ጨካኝ የለም አላልኩም፤ አለ። ግን መጀመሪያ ይመርመር።

ጉድጓዱን አብሮኝ የቆፈረው ያው የተጠረጠረው ጎረቤታችን ነው። ጅብ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርገን ቆፍረን ድንጋይ ጫንበት። ሬሳውን ሜዳ ላይ ጣሉት ያሉንም ነበሩ፤ ልጆቼ እያዩ እንዴት አድርጌ!

"ውሻ እኮ ነው፣ ሌላ ታመጣለህ" ላላችሁኝ ሁሉ፣ ክፋት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ግን አትበሉ። ማታ ከሥራ ስገባ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀበለኝ እሱ ነበር። ትንሿ ልጄ አሁንም ከምሳዋ አጥንት ታስቀምጣለች፤ "አንሺው" ልላት አንጀቴ እምቢ አለኝ። እንደ ሰው ቆጥረው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ያሉን አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። ቡና አፍልተው ይዘውልን መጡ፣ ስለ መከታ እያወራን ጠጣን። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ውሾች ድንገተኛ ሞት እንድታስጽፉልን ነው። የነጣ ድድ፣ ያበጠ ሆድ፣ ድንገት ደክሞት ወድቆ መልሶ የሚነሳ ውሻ ያያችሁ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አክባሪያችሁ፣
የመከታ ባለቤት፣ ከለገጣፎ